በር የሌለው ዘጠኝ ቁጥር

ሉሁ ላይ ከሰፈሩት ሃያ ስምንት መልሶች እውነቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ልጅቷ በፍሉድ አጥፍታዋለች። የቀሩትን ሃያ ሰባቱን ማክሰኞ ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል፣ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ከጓደኛዋ ጋር ፈጠረቻቸው።

«ሁሉንም በአንድ እስክሪብቶ እንዳትጽፊው» አለች ጓደኛዋ። «ሰባት ቀን ሙሉ እስክሪብቶ ያልጠፋበት ተማሪ የት አለ? ሐሙስን በጥቁር አድርጊው።»

ጓደኛዋን ሁሉም ሰው ሬዲዮ ነው የሚላት። ማጥፊያዋ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ተኛሁ ልበል?»

«ዘጠኝ።»

«አይበዛም?»

«ቅዳሜ እኮ ነው! ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ያልተኛ ሰው ራሱ ያጠራጥራል።»

ልጅቷ ዘጠኝ ብላ ጻፈች። ሉሁ ለእያንዳንዱ ቀን አራት ጥያቄ አለው፦ ስንት ሰዓት ተኛሽ? ሃያ ደቂቃ በእግር ሄድሽ? ቀስ ብሎ የመተንፈሱን ልምምድ ሠራሽ? የመጨረሻው ደግሞ ከባዱ ነው፤ ዛሬ ወደ ዘጠኝ ቁጥር ክፍል ምን ያህል ተጠጋሽ፣ ፍርሃትሽስ ከአሥር ስንት ነበር?

«ከሰባት እንጀምርና ስድስት፣ አምስት፣ አራት እያልን እንውረድ» አለች ሬዲዮ። «ትናንት ላይ ሦስት እናድርገው። በር ተዘግቶ አሥር ደቂቃ ተቀመጥሽ። ማን ዘጋልሽ ካለችሽ እኔ ነኝ በያት፤ እኔ መቼም ለክፉ ቀን ነው የተፈጠርኩት።»

እስክሪብቶውን ለማቀያየር ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም።

ነገሩ የመጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በሒሳብ ፈተና ቀን ነው። ዘጠኝ ቁጥር የፈተና ክፍል ነው፤ ሌላ ጊዜ ባዶውን ይቀመጣል። በሩ እምቢ ባይ ስለነበረ ፈታኙ መምህር በትከሻቸው ገፍተው ዘጉት፤ ጓ! ብሎ ክፍሉ ተናጋ። ልጅቷ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነበረች። ልቧ መጀመሪያ ዘለለ፣ ከዚያ ሩጫ ጀመረ፣ ከዚያ ማቆሚያ አጣ። አየሩ አለቀ። ጣቶቿ ደነዘዙ። ልሞት ነው ብላ አሰበች፤ ስታስበው ደግሞ በትክክል እንደሚሞት ሰው ሆነች። ወንበሯን ገልብጣ ሮጠች፣ ኮሪደሩ ላይ ወደቀች፣ አምቡላንስ እየጮኸ መጥቶ ትምህርት ቤቱ በሙሉ በመስኮት እያየ ወሰዳት።

ሐኪሙ አዳመጣት፣ የልቧን ምት በማሽን ወረቀት ላይ አወጣ፣ ደሟን አስመረመረ። ከዚያ ለእናቷ «ምንም የለባትም» አላት። ምንም! በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሞታ ለተነሣች ሰው ምንም የለባትም ይባላል? በማግስቱ ስሟ አምቡላንስ ሆነ። የኋላ ወንበር ልጆች ባዩዋት ቁጥር እንደ ሳይረን ያፏጩ ጀመር። እሷም አብራ ሳቀች። ካልሳቁ እንደሚብስ ታውቃለች።

ወደ አማካሪዋ የላኳት ከዚያ በኋላ ነው። አማካሪዋ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለምትመጣ ተማሪው በሙሉ ማክሰኞ ይላታል። ታማ የቀረች ዕለት «ዛሬ ማክሰኞ የለም» እየተባባሉ ሲስቁ ዋሉ። ቢሮ አልሰጧትም። የሰጧት የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫውን ስለሆነ ሰው ችግሩን የሚነግራት የተነፈሱ ኳሶችና የተጠቀለለ መረብ መካከል ተቀምጦ ነው።

«ልብሽ ጤነኛ ነው» ብላት ነበር በመጀመሪያው ቀን። «ውስጥሽ ያለው ዘበኛም ጎበዝ ነው። ችግሩ ሌባውን ትቶ ፖስተኛውን ነው የሚያሳድደው።»

«ታዲያ ይባረር።»

«ዘበኛ አይባረርም፤ ያስፈልግሻል። ፖስተኛውን ደጋግመን እናሳየዋለን፤ እስኪለምደው። ቀስ በቀስ።»

ቀስ በቀስ ማለት አምስት ደረጃ ነበር። ኮሪደሩ አፍ ላይ መቆም፤ በሩ ድረስ መሄድ፤ በሩ ክፍት ሆኖ ውስጥ መቀመጥ፤ በሩ ተዘግቶ መቀመጥ፤ በመጨረሻ ፈተናው። እንቅልፉ፣ የእግር ጉዞውና ትንፋሹ ደግሞ የየቀኑ ሥራ ናቸው። ማክሰኞ እንዳለችው፣ ሲደነግጡ የሚፈለግ ነገር ሳይደነግጡ መለማመድ አለበት።

ልጅቷ ያላደረገችው ስለሰነፈች አይደለም። ረቡዕ ዕለት ከትምህርት በኋላ ብቻዋን ሄዳ ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆማ ነበር። እግሯ ወለሉ ላይ ተሰፋ። ቤቷ ስትገባ ሉሁ ላይ ዘጠኝ ብላ ጻፈች፤ ከአሥር ዘጠኝ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤታቸው የፊት ክፍል የስፌት ክፍልም ነው። የዚያን ዕለት የስፌት መኪናው ሥር ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር፤ ልጅቷ ስታልፍ የምትለብሰው የሚቀጥለው ክፍል ዩኒፎርም። እናቷ ፈተናው ሳይመጣ ቆርጣዋለች።

«ስንት ደረስሽ?» አለቻት፣ በከንፈሯ መርፌ ይዛ።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ሲቀንስ ነው ጥሩ።»

«እንግዲያው ቀንሺዋ!»

ለእናቷ ቁጥር ማለት የሚጠብ ወይም የሚሰፋ ነገር ነው። ወገቡ በሁለት ጣት ሰፋ? ይገባል። ርዝመቱ በዛ? ይታጠፋል። «መተንፈስ ደግሞ የቤት ሥራ ሆኖ አየሁት» አለች ፔዳሉን እየረገጠች። «እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስተነፍስ ማን ሉህ ሰጠኝ? ብቻ ይሁን፤ አንቺን ያድንልኝ እንጂ እኔም ወረፋ ይዤ እተነፍሳለሁ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ተሽሏታል ብያቸዋለሁ።»

ልጅቷ ጓዳ ገብታ ፍሉዱን አወጣች፤ ዘጠኟን ቀብታ ደረቅ እስኪል ጠበቀችና ላዩ ላይ ሰባት ጻፈችበት። ከዚያ በኋላ ሉሁን እስከ ማክሰኞ ጠዋት አልነካችውም።

*

ከምሳ በኋላ ማክሰኞ ሉሁን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ትናንት፤ ዘጠኝ ቁጥር፣ በር ተዘግቶ፣ አሥር ደቂቃ፣ ፍርሃት ሦስት።» ቀና አለች። «ማን ዘጋልሽ?»

«ሬዲዮ።»

«ሲዘጋ ምን ተሰማሽ?»

«ትንሽ ሞቀኝ። ከዚያ ለቀቀኝ።» ውሸቱ እንደ ዘይት ነው የወረደው። ራሷም ገረማት።

«ቁጥሮችሽ እንደ ደረጃ ነው የሚወርዱት» አለች ማክሰኞ። «የብዙ ሰው ወጣ ገባ ይላል።» ልጅቷ ከፊት ለፊቷ ያለውን የተነፈሰ ኳስ አየች።

ማክሰኞ ከቦርሳዋ ቅጽ አወጣች። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ። አንደኛው «ለፈተና ዝግጁ ናት» ይላል፤ እሱ ላይ ምልክት ከተደረገ ማካካሻ ፈተናውን የፊታችን ሐሙስ ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ትፈተናለች። ሁለተኛው «ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልጋታል» ይላል፤ ያ ደግሞ ዕረፍቱን በሙሉ ስትለማመድ ከርማ መጨረሻ ላይ መፈተን ነው። ሐሙስ ገብታ እንደገና ካቋረጠች ግን ሦስተኛ ዕድል የለም፤ ዜሮ ይሆንና ክፍሉን ትደግማለች።

ማክሰኞ አንደኛው ላይ ምልክት አድርጋ ፈረመች።

«አሥር ተኩል ላይ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ለርዕሰ መምህሩ ጸሐፊ ስጪው። እኔ አሥር ሰዓት ላይ አውቶቡስ አለብኝ፤ ከዚህ በኋላ የሚቀጥለው ሳምንት ነው የምመጣው።» እጇን ዘረጋችላት። «ደክመሽበታል። ደስ ብሎኛል።»

ይህቺ «ደክመሽበታል» የምትለው ቃል የቀሩትን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች አብራት ተቀምጣ ተማረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሬዲዮ ጋር ወደ ቢሮው ሄዱ። በሩ ላይ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«ከሥር አሾልከሽ አስገቢውና እንገላገል» አለች ሬዲዮ።

ልጅቷ ጎንበስ ልትል ስትል ከኮሪደሩ ወዲያ ድምፅ ሰማች፤ ክርትፍ፣ ክርትፍ፣ እንጨት ሲላግ። የትኩስ እንጨት ሽታም መጣ። ቅጹን እንደያዘች እስከ ኮሪደሩ አፍ፣ ረቡዕ እስከ ቆመችበት ድረስ ሄዳ አጮለቀች።

ዘጠኝ ቁጥር በር የለውም።

መቃኑ አለ፤ ከመቃኑ ወዲያ መስኮቱና ወንበሮቹ በግላጭ ይታያሉ። በሩ ራሱ ኮሪደሩ ላይ፣ ሁለት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ አንድ አናጢ ጫፉን በመላጊያ እየላገው ነው። የእንጨቱ ፍቅፋቂ እግሩ ሥር ተቆልሏል።

«ጋሼ፣ በሩ መቼ ነው የወለቀው?» አለች ልጅቷ ከሩቅ።

«ሐሙስ ጠዋት ነው። ወስጄው ነበር፤ ዛሬ ነው የመለስኩት።»

ሬዲዮ መጀመሪያ አፏን ያዘች። «ታዲያ እኔ ትናንት የዘጋሁት የቱን በር ነው?» አለችና ግድግዳውን ተደግፋ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ልጅቷም ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠባት። አምስት ቀን ሙሉ በር እንደሌለው እንኳ አላወቀችም። ለሐሙሱ ፈተና ግን ይኖረዋል።

«ማንም አያጣራም እኮ» አለች ሬዲዮ ፊቷን አይታ። «እሷ በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣው። አስገቢው። ፈተናውን ደግሞ ያኔ እንደምንም…»

«እንደምንም ምን?»

ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ማጥፊያዋ ተገኘ። «እኔ እንጃ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ታላቅ ወንድሟ በር ላይ እንደሚጠብቃት አስታውሳ፣ ጉንጯን ስማት ሄደች።

«አንቺ ልጅ» አለ አናጢው፤ «ሥራ ከሌለሽ ነይ ያዢልኝ። ረዳቴ ዛሬ ቀረብኝ።»

ልጅቷ ቅጹን አጥፋ ኪሷ ከተተች። መሄዷን ያወቀችው እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው። ይህም የሆነው በሩ ተጋድሞ ስለነበረ ይሆናል፤ የተጋደመ በር ማንንም አያስፈራም።

በሩን አቁመው መቃኑ ውስጥ ከተቱት፤ ከሥሩ ሽብልቅ ገባለት። ከባድ ነበር። እሷ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች፤ እሱ ተንበርክኮ የማጠፊያውን ብሎን ያጠብቅ ጀመር።

«አምና አብጦ አልዘጋ ሲል እኔን ነው የጠሩኝ» አለ ከታች ሆኖ። «ሥራ በዝቶብኝ ነበርና ቀለም ቀባሁት። አማረ! ቀለሙ ደግሞ ውፍረት ጨመረለትና ባሰበት። ከዚያ ወዲህ የገባ ሁሉ በትከሻው ነው የሚገፋው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያኔውኑ መላግ ነበረብኝ።»

ኪሷ ውስጥ ያለው ወረቀት ጭኗን ወጋት።

ሦስተኛው ብሎን ላይ ሲደርስ የት እንደቆመች ታወቃት። አንድ እግሯ ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ ነው። ልቧ ጀመረ። እጇን ብትለቅ በሩ የሚወድቀው አናጢው ጭንቅላት ላይ ስለሆነ መሮጥ የሚባል ነገር የለም። በአራት አስገባች፣ በስድስት አስወጣች። እንደገና በአራት፣ በስድስት። ልቧ አላቆመም፤ ግን ደግሞ አልባሰም። ካቻቪቴው መዞሩን ቀጠለ።

«አበቃ» አለ አናጢው ጉልበቱን እያራገፈ። «አሁን ልዝጋውና እንየው። ከውስጥ ትሆኛለሽ ከውጭ?»

«ከውጭ!» አለችና እንደ ፌንጣ ዘላ ወጣች።

አናጢው ሳቀ። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ እሷ የኮሪደሩን ሰዓት አየች። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው።

ሮጠች።

*

ማክሰኞ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫውን ልትቆልፍ ነበር።

«አልሰጠሁትም» አለች ልጅቷ እያለከለከች፤ የታጠፈውን ቅጽ ዘረጋችላት።

«ቢሮው ተዘጋ?»

«በሩን አልዘጋሁትም። ትናንት። ማለቴ ሬዲዮም አልዘጋችውም። ዘጠኝ ቁጥር ከሐሙስ ጀምሮ በር አልነበረውም፤ አሁን ነው የተገጠመለት።»

ማክሰኞ ትንሽ አሰበችና በሳቅ ፈነዳች። ወዲያው አፏን በእጇ ሸፈነች። «ይቅርታ፣ ይቅርታ። በአንቺ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ የፈረምኩትን ፊርማ አስቤ ነው።» ቦርሳዋን አወረደች። «ሌላውስ?»

«ሌላውም ውሸት ነው። እንቅልፉም፣ ጉዞውም፣ ሁሉም። ጠዋት ደረጃው ላይ ነው የሞላሁት።»

ትቆጣለች ብላ ጠበቀች። ማክሰኞ ሉሁን ከፋይሏ አውጥታ ወደ ብርሃኑ አቀረበችው፤ ጣቷን ረቡዕ ላይ አሳረፈች። «ይቺስ? ለምን ፍሉድ ነካት?»

ልጅቷ ሉሁን ተቀብላ በጥፍሯ ፋቀችው። ነጩ ቅርፊት እየተፈረፈረ ወደቀ። ከሥር ዘጠኝ ብቅ አለ።

«ይህ ብቻ ነው እውነቱ» አለች። «ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆሜ ነው። አንድ እርምጃ እንኳ መሄድ አቃተኝ።»

«ዘጠኝ ላይ ሆነሽ ሮጥሽ?»

«አይ። ቆምኩ።»

«ምን ያህል?»

«እንጃ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ግቢውን ሊዘጋ መጥቶ ሂጂ እስኪለኝ። ሩብ ሰዓት ይሆናል።»

ማክሰኞ ከሉሁ ላይ ቀና አለች። «ሩብ ሰዓት ሙሉ ከአሥር ዘጠኝ ፈርተሽ ሳትሮጪ ቆምሽ» አለች። «ይህንን ነው ቀብተሽ ያጠፋሽው?»

ልጅቷ እንደዚያ አስባው አታውቅም። ለማልቀስ ጊዜው ነበር፤ ግን አፍንጫዋን ብቻ ጠረገች።

ማክሰኞ የድሮውን ቅጽ ለሁለት ቀደደች። አዲሱን አውጥታ ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ እስክሪብቶውን ግን ለልጅቷ ሰጠቻት። ልጅቷ ሁለቱን ሣጥኖች ተራ በተራ አየቻቸው። ዕረፍቱ ሄደ። ሬዲዮ ከዘመዶቿ ጋር ስትዝናና እሷ እዚህ ባዶ ግቢ ውስጥ ልትመላለስ ነው። ምልክቱን ሁለተኛው ላይ አደረገች።

«እናትሽስ?»

«ዛሬ እነግራታለሁ። ጨርቁን ቆርጣዋለች እኮ።»

«የተቆረጠ ጨርቅ አይበሰብስም፤ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ካስፈለገ እደውልላታለሁ።»

«አይደውሉላት። እኔው እነግራታለሁ።» ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አየች። «አውቶቡስዎ አመለጠዎት።»

«ሌላ አለ። ነይ፣ ያንን አዲስ በር አሳዪኝ።»

ኮሪደሩ አፍ ላይ ሲደርሱ ማክሰኞ ቆመችላት። ልጅቷ በአራት አስገብታ በስድስት አስወጣችና አለፈች። ዘጠኝ ቁጥር ገብታ የፈተና ቀን የነበረችበት ቦታ፣ ሦስተኛው ረድፍ መስኮቱ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። ወንበሩ ያው ነው። አንዱ እግሩ አሁንም ይነቃነቃል።

ማክሰኞ መቃኑን ተደግፋ ቆመች። «ስንት?»

ልጅቷ ለመመለስ አልቸኮለችም። ሆዷን፣ ጣቶቿን፣ ጉሮሮዋን እያዳመጠች ቆየች። «ስምንት» አለች። «ስምንት ተኩል።»

«ተኩል አለው እንዴ?»

«ዛሬ አለው።»

ማክሰኞ አዲሱ ሉህ ላይ ስምንት ተኩል ብላ ጻፈች፤ ፊቷ ላይ ደስታም ቅሬታም አልታየም። «ለዛሬ በሩ ክፍት ይሁን። ደረጃው እንደዚያ ነው የሚለው።»

ልጅቷ በሩን አየችው። ጫፉ ላይ አናጢው የላገው እንጨት ገና ቀለም አልተቀባም፤ ነጭ ነው። ከታች ያሉት ብሎኖች እሷ በሩን ይዛ ነው የጠበቁት። መዳፏ ላይ አሁንም የበሩ ጠርዝ ምልክት አለ።

«ይዝጉት» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን ይዝጉት። ከበሩ ጀርባ ብቻ ይቁሙልኝ።»

«አምስት ደቂቃ። እጀታው በአንቺም በኩል አለ፤ ስትፈልጊ ትከፍቺዋለሽ።»

ልጅቷ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አስቀመጠች። ማክሰኞ ወጣችና በሩን ዘጋችው።